የሲስተር ትርንጎ ጉሮሮ

በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው። ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ፣ እህል ሳይቀምስ፣ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ በሩን ያንኳኳል። ስለዚህ በቀደም፣ ገና ወፍ ሲንጫጫ፣ የጤና ጣቢያው ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከደጃፌ ቆመው ሳይ በሩን በርግጄ ወጣሁ።

«ከወንድሞቼ የትኛው ነው? ንገሩኝ!» አልኩ።

«ይረጋጉ እትዬ እታገኝ፤ ወንድሞችዎ ደህና ናቸው። ሲስተር ትርንጎ ናት። ትናንት አገሯ እስቴ አርፋለች።»

እጄን ራሴ ላይ ጭኜ ተቀመጥኩ። ታላቃቸው ቀጠለ፤ «መርዶውን የምንነግረው ዘመድ ብንፈልግ አጣን። እርስዎ ቤት ስለኖረች ወደ እርስዎ መጣን። ደግሞ ካህናቱ ለፍትሐቱ የክርስትና ስሟን ይጠይቃሉ፤ እዚያ ያሉት ጎረቤቶቿ አያውቁትም።»

«ወለተ ሩፋኤል» አልኳቸው።

አንደኛው ወጣ ብሎ በስልክ አስተላለፈው። ወጉ እንዳይቀር ጥቂት አብረውኝ ተቀምጠው አዘኑ፤ ከዚያ የሥራ ሰዓት ደረሰባቸውና ሄዱ። ለቅሶ የብቻ ነገር አይደለም፤ አንዱ ሙሾ ሲያወርድ ሌላው ይቀበላል። እኔ የማወርደውን የሚቀበለኝ ስላልነበረ እንባዬን ጠረግሁና ልጻፋት ብዬ ወረቀት ፈለግሁ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የያዝኩት ወንድሜ መዝሙረ ዳዊት ሲደግም ከጎኑ ተቀምጬ በዓይንና በጆሮ እየሰረቅሁ ነው። ቢጎድልብኝ ሙሉልኝ።

ትርንጎ ነርስ ነበረች። ትውልዷ እስቴ ነው። እዚህ ወገዳ ተመድባ ስትመጣ አንዷን ክፍሌን ተከራየችኝ፤ ጡረታ እስክትወጣም ከዚያች ክፍል አልወጣችም። ረጅም፣ ቀጭን፣ ስትራመድ የምትቸኩል ሴት ናት። ሥራዋ ክትባት ነው። ሰማያዊዋን የክትባት ሳጥን በትከሻዋ አንግታ ቁልቁለቱን ስትወርድ ከሩቅ ያያት ልጅ ሁሉ ከእናቱ ቀሚስ ሥር ይገባል። የሰፈሩ እናቶች ልጅ ሲያስቸግራቸው ጅብ መጥራቱን ትተው እሷን መጥራት ጀምረው ነበር።

አንድ ቀን እኔ ጋ ተቀምጣ የተቆላ ባቄላ ስትቆረጥም፣ ከግድግዳው ወዲያ ጎረቤታችን ጥሩዬ የወንድሟን ልጅ ስትቆጣ ሰማን።

«ዝም በል ብዬሃለሁ! ትርንጎን ልጥራት?»

ትርንጎ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ዛሬ አልመጣም በይው፤ ደክሞኛል!» አለች።

ከግድግዳው ወዲያ ልጁ ለቅሶውን ዋጠ። ቀጥሎ ጥሩዬ በሳቅ ፈነዳች። እኛም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ ትርንጎ ባቄላውን አስቀመጠችና፣ «ይኸውልሽ እታገኝ፣ የአገሩን ልጅ ሁሉ በእጄ ዳስሼዋለሁ፤ አንድም ግን ወዶ የመጣልኝ የለም» አለችኝ። እንደ ቀልድ ነው ያለችው። እኔ ግን ባቄላውን ወደ እሷ መልሼ ገፋሁት።

መርፌ ከመያዟ በፊት መዳፎቿን አፋትጋ ታሞቃለች። «ቀዝቃዛ እጅ ከመርፌ ይብሳል» ትላለች። ስም አትረሳም፤ የልጁን፣ የእናቱን፣ የላሚቱን ስም ሳይቀር ይዛ ትጠይቃለች። አንድ ነገሯ ግን ለሰው አይገባም ነበር፤ ሰው አትስምም። እኛ ስንገናኝ ጉንጭ ለጉንጭ እያገላበጥን እንሳሳማለን፤ የተነፋፈቀ ሰው ቶሎ አይላቀቅም። እሷ እጇን ትዘረጋለች፣ ትከሻዋን ታስነካለች፣ ፊቷን ዘወር ታደርጋለች። ሕፃን ሲሆንማ እግሩን ጨበጥ አድርጋ ለቀቅ ነው። «ኩራተኛ» ይሏታል። «ነርስ ሆንኩ ብላ እኛን ተጸይፋ ነው» ይላሉ። እንዲህ እየተባለች ብዙ ዓመት ኖረች። ጤና ጣቢያው ሲዘጋ ወደ ክፍሏ ትገባለች፤ በዓል ሲሆን እኔ ካልጠራኋት የሚጠራት አልነበረም።

እንግዲህ ይቺው ጥሩዬ ልጅ ሳትወልድ ቆይታ ቆይታ፣ ሰው ሁሉ ተስፋ ከቆረጠላት በኋላ ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቷን ሰናይት አለቻት። እኔና ትርንጎ አራስ ልንጠይቅ ገባን። ገንፎውን እየበላን ሳለ ጥሩዬ ከአልጋዋ ላይ ሆና፣

«ስሚ ሲስተር፣ ይቺን ልጅ ሆዴ ውስጥ እያለች ጀምሮ የተከታተልሻት አንቺ ነሽ። የክርስትና እናቷ ሁኚልኝ» አለቻት።

ትርንጎ የያዘችው ማንኪያ ከአፏ ሳይደርስ ቆመ።

«እኔን ነው?»

«እና ግድግዳውን ልለምን? አንቺን ነዋ!»

አበ ልጅነት እኛ ዘንድ ሥጋ ካመጣው ዝምድና አያንስም። ልጅቷ አድጋ በበዓል እንጎቻ ይዛ ትመጣለች፤ ስትታመሚ ታስታምምሻለች፤ ስትሞቺ ደረቷን እየመታች «እናቴ» ብላ ታለቅስልሻለች። ትርንጎ ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ ወላጆቿም ካለፉ ቆይተዋል። በሚቀጥለው ገበያ ነጭ ሸማ ገዝታ፣ ለልብስ ሰፊ ሰጥታ፣ ጠርዙ ሰማያዊ ጥለት ያለበት ትንሽ የክርስትና ቀሚስ አሰፋች። ክፍሏ ውስጥ ምስማር ላይ ሰቀለችው። ስትወጣ ታየዋለች፣ ስትገባ ታየዋለች። አንዳንዴ አቧራ ሳይኖርበት ታራግፈዋለች።

ያንን ቀሚስ እያየች ነው ስለ እህቷ የነገረችኝ። «ታናሼ ነበረች። አንድ መደብ ላይ ነበር የምንተኛ። ማጅራት ገትር ድንገት ወሰዳት። እቤታችን ሌላ የታመመ ሰው አልነበረም። ነርስነት ስማር ነው የገባኝ፤ ጀርሙን ያቀበላት አንዱ ጤነኛ ነው። ማን እንደሆነ አይታወቅም። አጠገቧ የምተኛው ግን እኔ ነበርኩ።»

ከዚያ በኋላ፣ እዚህ በኖረችበት ዘመን ሁሉ፣ ለምን አትስሚም ብዬ ጠይቄያት አላውቅም።

በዚያው ሰሞን የማጅራት ገትር ክትባት ዘመቻ ሊመጣ ነው ተባለ። ክትባቱ ከመሰጠቱ በፊት አንድ ጊዜ፣ ከተሰጠ በኋላ ሌላ ጊዜ የሰው ጉሮሮ ይታያል ተብሎ ከከተማ ቡድን መጣ፤ ትርንጎም አብራ ተመደበች። ጫፉ ላይ ጥጥ የተጠቀለለበት ቀጭን ዘንግ ወደ ጉሮሮ ይገባና ይታበሳል፤ ከዚያ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል።

«የታመመ ሳይኖር የምን ጉሮሮ ማየት ነው?» አልኳት።

«የምንፈልገው ጤነኛውን ነው እንጂ» አለችኝ። «ይህ ጀርም እንደ መሸበት የእግዜር እንግዳ ነው። አሳድሩኝ ይልና ጉሮሮ ላይ ያርፋል። አብዛኛውን ባለቤት አያመውም፣ አያስለው። ይከርምና ወደሚቀጥለው ቤት ይሄዳል፤ በሳል ቢሉ፣ በመሳሳም ቢሉ፣ በአንድ ዋንጫ በመጠጣት ቢሉ። እንዲህ ሲዞር ሲዞር ግን አንዱን ቤት ይገድላል።»

«ክትባቱስ?»

«አዲሱ ክትባት የተወጋውን ከበሽታው መከላከል ብቻ አይደለም፤ እንግዳውንም ከደጃፍ ይመልሰዋል ይባላል። እዚህስ እንዲያ ያደርጋል ወይ ብለን ልናይ ነው።»

«መርፌው ለልጆችና ለወጣቶች ብቻ ነው አሉ። እኛ አሮጊቶቹ የማን ነን ታዲያ?»

ሳቀች። «ልጆቹ ካላሳደሩት በማን ቤት አልፎ እኛ ጋ ይደርሳል? እነሱ ሲወጉ እኛም ሳንወጋ ተረፍን ማለት እኮ ነው።»

ቀኑን የመረጠችው እሷ ናት። ቅዳሴ ካለቀ በኋላ አይሆንም አለች፤ የቆረበ ልጅ ምራቁ አይወጣም፣ አፉ አይነካም። በሬ የማይጠመድበት የበዓል ቀን ተፈልጎ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ያልቆረቡት ልጆች ጤና ጣቢያው ግቢ ይምጡ ተባለ። ሕዝቡ ግቢውን ሞላው። ልጆቹ እንዳይፈሩ ትርንጎ ፊት ለፊታቸው ተቀምጣ መጀመሪያ የራሷን አፍ ከፈተች። የሥራ ባልደረባዋ ዘንጉን አስገብቶ አበሰላትና በሥነ ሥርዓቱ አሸገው። እሷም ዓይኗን እየጠራረገች፣ «ይኸው፣ አልሞትኩም!» አለች። ሰው ሳቀ።

ሥራው ተጀመረ። የመጀመሪያውን ልጅ አፍ ስታስከፍት አንገቷን ወደ ኋላ አለችው። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው ላይ ዘንጉን አስቀመጠች።

«እናንተ፣ እነዚህ ልጆች የሚያድሩት ነጭ ሽንኩርት ማሳ ውስጥ ነው?»

ለካስ ወሬው ከቀኑ ቀድሞ ደርሷል። ሲስተር የልጆቻችሁን ጉሮሮ ልታይ ነው ሲባሉ፣ እናቶች ሁሉ ጉሮሮ ሲያጸዱ ሰንብተዋል። ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ወቅጠው ያስዋጡ አሉ፤ በጸበል ያጉመጠመጡ አሉ፤ አንዷማ የልጇን አፍንጫ በለጋ ቅቤ ደፍናው መጥታለች።

«ምነው?» አለች ትርንጎ።

«እንዴ!» አለች ባለቅቤዋ ተቆጥታ። «እንግዳ ሊያይሽ ሲመጣ ቤትሽን አትጠርጊም? ልጄን ቆሻሻ ናት ልታሰኚያት ነው?»

«ቆሻሻ አይደለም የምፈልገው።»

«ከተገኘባት ግን አገር ይሰማል። ነገ ማን ያገባታል? አዎ፣ አጥቤያታለሁ!»

ሌሎቹም አጉረመረሙ። በዚያ ቀን ሥራው ቆመ። በዘመቻው ዋዜማ እንዲደገም ሌላ ቀን ተቆረጠ። ከክትባቱ በፊት ምን ያህል እንደነበረ ካልታወቀ፣ በኋላ ቀነሰ ቢባል ማን ያምናል? ትርንጎ ከቤት ቤት እየዞረች ለመነች። «አናጥብም» ብሎ የማለላት ሰው አልነበረም። «እናያለን ሲስተር» ይሏታል። እኛ እናያለን ካልን አይሆንም ማለታችን ነው።

እንዲህ ሆና ሳለ ከላቦራቶሪ የቡድኑ አለቃ ደወለላት። የዚያን ቀኑ የልጆቹ ናሙና ለምንም አልሆነም። የእሷ ብቻ ቀድሞ በደንብ ስለተወሰደ ታይቷል። ጀርሙም ተገኝቶበታል።

ስልኩን ዘግታ መደቤ ላይ ተቀመጠች።

«መድኃኒት የለውም?» አልኳት።

«ለታመመና ከታመመ ጋር ለከረመ ነው የሚሰጠው። የእኔ ዓይነቱ በራሱ ጊዜ ይለቃል። የማንም ውጤት አይወራም፤ በሆድሽ ያዢው ብሎኛል።»

«እንግዲያስ ያዢዋ!»

«እናቶቹ የሚፈሩት ቆሻሻ መባልን ነው። በእኔ መገኘቱን ቢሰሙ አያፍሩም።»

ዓይኔ ምስማሩ ላይ ወዳለው ቀሚስ ሄደ፤ በሯ ክፍት ስለነበር ከእኔ ቤት ይታያል። ክርስትናው ደርሷል። «ትርንጎ፣ ይቺ ጥሩዬ ልጇን እንዴት እንዳገኘቻት ታውቂያለሽ። አትሰጥሽም። ክርስትናው ይለፍና ተናገሪ» ብዬ ለመንኳት።

«ዘመቻው ክርስትናውን አይጠብቅም» አለች። ቀጥላም፣ «ብጠብቀውስ? የአራስ ልጅ እኮ ናት፣ መርፌው ገና አይደርሳትም። ይህን ጉሮሮ ይዤ አቅፌ ልቁም?» አለችኝ።

በተባለው ቀን እናቶች መጡ። ልጆቹ ግን ከሩቅ ይሸታሉ። ትርንጎ መሀል ቆመች።

«ውጤት መጥቷል» አለች።

ሰዉ ጠጋ ጠጋ አለ። «የማን ልጅ ላይ ተገኘ?» አለች አንዷ።

«የማንም ልጅ ላይ አይደለም። በእኔ ጉሮሮ ነው የተገኘው።»

ፊት ለፊቷ የነበሩት ሴቶች ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ሳቡ። ልጆቻቸውን በጀርባቸው ከለሉ። ማንም ሂዱ ሳይላቸው ወደ ኋላ ወደ ኋላ ሄዱ፤ በእሷና በሰው መካከል አንድ አውድማ የሚያህል ባዶ መሬት ተፈጠረ።

«ጥርሴን በየጠዋቱ እፍቃለሁ» አለች ትርንጎ። «እጄን ከሁላችሁም አብልጬ እታጠባለሁ። አላመመኝም፣ አላሳለኝም። እንግዳው ቤት አይመርጥም። ልጆቻችሁ ላይ ቢገኝ እንደኔው ነው፤ ነውር ሆኖ አይቆጠርም። ነገር ግን ሳታጥቡ አምጡልኝ።»

ከሰዉ መካከል አንዲት እማሆይ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ያንን ባዶ መሬት አቋርጠው ሄዱና፣ «እኔም በመርፌው ዕድሜ ላይ አይደለሁም፤ ግን ጥርስ እንኳ የለኝ፣ ለማየት አይከብዳችሁም» ብለው አፋቸውን ከፈቱ። ሰው ሳቀ። ከሳቁ በኋላ ነገሩ ረገበ። በሁለተኛው ቀን ልጆቹ ሳይታጠቡ፣ ትልልቆችም አብረው መጡ፤ ተሰልፈው አፋቸውን ከፈቱ። ትርንጎ ግን አልሠራችም። ዘንጉን ስታነሳ እናትየዋ፣ «አንቺ ተይው፤ ያ ባልደረባሽ ይሥራው» ትላታለች። እሷ ከአጥሩ ሥር ተቀምጣ የሰልፉን ተራ ስታስከብር ዋለች።

ጥሩዬ በማግስቱ እኔ ጋ መጣች። ተቀመጪ ብላት አልተቀመጠችም።

«እታገኝ፣ የሰናይትን ክርስትና አንቺ አንሺልኝ።»

«ለሰው ቃል ሰጥተሽ የለ?»

«ስንት ዓመት ለምኜ ነው ያገኘኋት? አንቺ ብትሆኚ ትሰጫታለሽ?» አለችና አለቀሰች። እኔም አልሰጣትም ነበር።

ለትርንጎ ስነግራት እጆቿን እያፋተገች አዳመጠችኝ። «እሺ በያት» አለች። «ልጅቷ እናት አትጣ።» ተነስታም ቀሚሱን ከምስማሩ አውርዳ አጥፋ ሰጠችኝ።

በክርስትናው ዕለት ሰናይትን ያቀፍኩት እኔ ነኝ። ቀሚሱ ልክክ አለላት። እልልታው ሲቀልጥ ትርንጎ ክፍሏ ውስጥ ነበረች፤ ቤተ ክርስቲያኑ ሩቅ ስላልሆነ ይሰማታል። ስመለስ በሯ ላይ ቆማ አገኘኋት።

«ውኃው በርዷት አለቀሰች?»

«አለቀሰች።»

«ድምፅዋ እንዴት ነው?»

«እንደ መለከት።»

«ደግ። ማን ተባለች?»

ነገርኳት። እሷም፣ «የእኔ ወለተ ሩፋኤል ነው። ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም» አለችና ወደ ውስጥ ገባች።

ከክርስትናው በፊት ዘመቻው ደርሶ ልጁም ወጣቱም ተወግቶ ነበር። ያን ክረምት ሰው ትርንጎን ከማዶ ሆኖ ነበር ሰላም የሚላት። ጤና ጣቢያ ሲሄዱ የእሷን ወንበር አልፈው ሌላው ጋ ይሰለፋሉ። እሷ አንድም ቀን አላማረረችም። ብቻ ምሽት ላይ እኔ ጋ መምጣቱን አቆመች። «አንቺም ሰው ይሸሽሻል» አለችኝ ብጠይቃት።

ቆይቶ ሁለተኛው የጉሮሮ ማየት ተደረገ። ከልጆቹ ጉሮሮ ያ እንግዳ ጠፍቷል ለማለት ምንም አልቀረውም ተባለ፤ መርፌው ባልደረሳቸው በትልልቆቹም ቀንሷል። በእሷም የለም። ይህን ስትነግረኝ ደጃፌ ላይ ቆማ ነው፤ ፊቷ እንደ ልጃገረድ በርቶ። በግንባሬ ተደፍቼ ፈጣሪን አመሰገንኩ። ለሰፈሩም ነገርኩ። ሰፈሩ ግን የሚፈራውን ረስቶ ነበር፤ «እህ፣ ደግ ነዋ» አሉኝ። ያልታመመ ሰው ከምን እንደዳነ በምን ያውቃል?

ሰናይት ዕድሜዋ ሲደርስ ጥሩዬ ራሷ ይዛት ሄዳ ትርንጎ ወጋቻት። ሰው ከሆነ ይረሳል፣ ይተዋል። እኔም አሁን መልካም ይሆናል እያልኩ ስጠብቅ የትርንጎ ጡረታ ደረሰ። ወደ እስቴ ልትመለስ ሆነ።

በምትሄድበት ቀን ሚኒባሱ ሞልቶ ረዳቱ በሩን እየደበደበ ሳለ ጥሩዬ ሰናይትን አቅፋ እየሮጠች መጣች። ላብ በላብ ሆናለች። ልጅቷን በመስኮቱ በኩል ወደ ትርንጎ አነሳቻት።

«ሲስተር! ሳሚያት! መርፌዋን ወስዳለች፣ ራስሽ ነሽ የወጋሻት! ምንም አትሆንም፣ በናትሽ ሳሚያት!»

ሰናይትም አላለቀሰችም። ትልልቅ ዓይኖቿን አፍጥጣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አስጠጋች። ከትርንጎ ጉንጭ አንድ ጣት የሚያህል ነው የቀራት። ትርንጎ አየቻት፤ አየቻትና እጇን በመስኮቱ አውጥታ የልጅቷን እግር ጨበጥ አደረገች። መኪናው ተንቀሳቀሰ። ጥሩዬ ልጅቷን ከፍ እንዳደረገች አቧራው ውስጥ ቀረች።

ብዙ ጊዜ አብሰልስዬው ነበር። አንድ በዓል እንኳን አደረሰሽ ልላት ስደውል ከአፌ አመለጠኝ።

«ትርንጎ፣ ሁሉም ነገር አልፎ ነበር እኮ። ለምን አልሳምሻትም?»

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ፣ ሃሎ አልኩ።

«አለሁ» አለችኝ። «ፈልጌ ነበር እታገኝ። ግን አልለመድኩማ። ሰው ሲቀርበኝ መጀመሪያ የሚመጣልኝ ትንፋሼን መያዝ ነው።»